አሳይሻለሁ

«የሰላም ፍርድ ቤት» ይባላል በስሙ፤
ሰላም ያጡ ሰዎች ደጁ ሲታደሙ
ቦርሳ ይፈተሻል፣ ቀበቶ ይፈታል፤
ምላስ ግን ማሽኑ ሳይጮህበት ያልፋል።

አሽቀሎን፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ከዳኛዋ በስተግራ፣
እቆማለሁ እኔ ከሁለት ቋንቋ ጋራ።
አስተርጓሚ ነኝ፤ ምዬ የገባሁ፣
ከሰው ቃል ላልቀንስ፣ ከራሴ ላልጨምር፤
«እኔ» ሲል «እኔ» እላለሁ፣ ሲሰድብ እሰድባለሁ።

ተከሳሽ ሰጥአርጋቸው፣ የብርቱካን ማሸጊያ የሌሊት ዘበኛ፣
ሃምሳ ስምንት ዓመቱ፣ እስከዚያ ሌሊት ድረስ ደግ ጎረቤተኛ።
ተበዳይ ማስተዋል፣ የእቁቡ ጸሐፊ፣
የሰው ብር በደብተር፣ በቀይ ስክሪብቶ ጻፊ።

ዕጣው ዘገየበት። ከሌሊቱ ስምንት
(መዝገቡ ላይ ሁለት)፣
ሳጥን በሳጥን ላይ በተደረደረበት
ብቻውን ተቀምጦ፣ በአንድ አውራ ጣት፣
አራት መቶ ዘመድ በሚያነበው ገጽ ላይ ጻፈላት፦
«ሌባ! የሌባ ልጅ! ቆይ፣ አሳይሻለሁ።
ቤትሽን አውቀዋለሁ።»

ዳኛዋ መነጽሯን አወለቀች።
«ምንድነው የሚያሳያት?» እኔን ጠየቀች።
«ክብርት ዳኛ፣ በኛ ቋንቋ የሚያሳዩት ዕቃ የለም፤
ከቃሉ ኋላ የሚመጣ ነው፤ ስም አይሰጡትም።»

ጠበቃው ተነሣ። «ሰምና ወርቅ» አለ፣
ዛሬ ጧት ኮሪደር ላይ ነው የተማራት።
«ቤት ማለት ዘር ነው፤ ያንድ ወንዝ ልጆች ናቸው፣
ከቋራ ሱዳን ድረስ በእግራቸው...»
ዐቃቤ ሕጓ ስልኩን አጉልታ አሳየች፦
ከጽሑፉ ሥር ፎቶ አለ። የሕንፃ በር።
ቁጥር አሥራ አራት፣ መግቢያ ሐ።
ወርቁን ፍለጋ ማንም አልቆፈረም ከዚያ በኋላ።

ማስተዋል ስትመሰክር ያየችው ጠረጴዛውን ነው።
«ቁልፍ ቀየርኩ። ደብተሩን መለስኩ።
ልጄ ከማታ ሥራ ስትመጣ፣
የደረጃው መብራት እስኪበራ በመስኮት እጠብቃለሁ።
ሌባ ያለኝስ ያልፋል።
‹አሳይሻለሁ› ያለኝ ግን፣ እሱ ተኝቶም፣
በየማታው ያሳየኛል።»
ወደ ዕብራይስጥ ስመልሰው ድምፄ ተሰነጠቀ፤
መዝገብ ላይ ስንጥቅ አይጻፍም።

እሱም ተጠየቀ። ቆብ በእጁ እያዞረ፦
«በኛ አገር ሰው ሲቆጣ መሐል የሚገባ ነበረ።
አንዱ እጄን ይይዘኛል፣
አንዱ ‹በሕግ አምላክ!› ይለኛል፣
ዱላዬን ጥዬ እቆማለሁ።
ስልኩ እጄን አልያዘኝም።
‹ላክ› ነው ያለኝ።
ላክሁ።»

ፍርዱ አጭር ነው፤ የአራት ወር እስራት፣ የታገደ፤
ካሳ፣ ሦስት ሺህ ሼቅል፤
ዓመት ሙሉ እንዳይደውል፣ እንዳይጽፍ፣ በሰው እንዳይልክ።
«ሌባ» ያላት ደግሞ ለብቻው ነው፤
ሌላ መዝገብ፣ ሌላ ቀን፣ ከፈለገች።
የዚያ ሕግ ስሙ በዕብራይስጥ «ክፉ ምላስ» ነው፤
ዋርካ ሥር የተቀመጠ ሽማግሌ ያወጣለት ይመስላል።

ከውሃ ማሽኑ አጠገብ ክንዴን ያዘኝ፦
«እኅቴ፣ ‹ማሪኝ› ብሏል በያት።»
እሷ አምስት እርምጃ ወዲያ ናት፣
የአውቶቡስ ሰዓት ስልኳ ላይ ትፈልጋለች።
«አይቻልም፤ ‹በሰው እንዳይልክ› ይላል ወረቀቱ።»
«‹ማሪኝ›ንም?»
«‹ማሪኝ›ንም።»
ቆቡን ደፋ። በሌላኛው ደረጃ ወረደ።

ከአፍ የወጣ አፋፍ ይላሉ፤
ከአፍ እንዳይወጣ የተፈረደበትስ የት ያድራል?

አውቶቡሱ መጣ። አጠገቤ ተቀመጠች።
ሁለት ፌርማታ ዝም አልን።
«ምን አለሽ?» አለችኝ።
ከሰው ቃል ላልቀንስ ምዬ ነበር።
«ምንም» አልኳት።