የቤት ቁጥር

ማክሰኞ ጠዋት ነው፤ ሰልፉ ደጅ ወጥቷል፣
የማኅተሙ ቀለም እንደ ልማዱ ደርቋል።
እኔ መስኮት ሦስት፣
ከመስታወቱ ኋላ፣ ከኮምፒውተሩ ፊት፣
ቀና ሳልል ገና «ተረኛ!» እላለሁ፣
ስም እጠይቃለሁ፣ ስም እጽፋለሁ።

«አንጓች ይርዳው» አለች፣
ነጠላዋን ስባ አገጯን ሸፈነች።
«ለልጄ ነው እቴ፤ ትምህርት ቤት ሊገባ፣
የልደት ወረቀት ካላመጣሽ አሉኝ፤
ጤና ጣቢያም ስወስድ፣ ሳል ይዞት ሲያነባ፣
መታወቂያሽ የታል? ብለው መለሱኝ።»

«የልጁ ስም?»
«ይታወቅ።»
«ምኑ ነው ይታወቅ?»
«ልጄ ነዋ። ይታወቅ።»
ከኋላ ሰው ሣቀ፣
ሰልፉም ተነቃነቀ፤
ልጁ ብቻ፣ አገጩን መስኮቱ ላይ አኑሮ፣ ጠበቀ።

«የቤት ቁጥር?» አልኳት።
ዝም ስትለኝ ደገምኩላት።
«ቤት የለኝም እንጂ ቁጥርስ አውቃለሁ።
ከእሪ በከንቱ ጥግ እስከ ድልድዩ ድረስ
ያልቆምኩበት ደጅ የቱን እጠራለሁ?
ከሌሊቱ ዘጠኝ፣ ውሾቹ ሳይተኙ፣
አራት መቶ አሥራ ሁለት፣ ቆርቆሮው የዛገው፤
አራት መቶ አሥራ ሰባት፣ ሰማያዊው በር፤
እዚያ አንዲት ሴት ነበረች፣
ሳንቲም በጨርቅ ቋጥራ በሥር የምትሰድ፣
አንድ ቀን ሳትከፍት።»

እጄ ቁልፉ ላይ ቀረ።
አራት መቶ አሥራ ሰባት የእናቴ ቤት ነበረ።

ልጅ ሆኜ፣ ከብርድ ልብሱ ሥር፣
ያንን ድምፅ እፈራ ነበር።
«ላሊበሎች መጡ!
ቶሎ ስጧቸውና ከደጃችን ይውጡ።»
ማታ ከጎረቤት ጠይቀው፣ አጥንተው፣
የአባቴን ስም በማዕረግ፣ የእኔን በቁልምጫ፣
ጨለማው ላይ በዜማ ይዘረዝሩታል፦
«እልፌ እደጊ፣ እልፍ ሁኚ።»
ሳንቲሙ ይወድቃል። እግር ይርቃል።
«ካላዜሙ ቁምጥና ይይዛቸዋል» ትላለች አክስቴ፣
ስለ ሰው ሳይሆን ስለ ዝናብ እንደምታወራ።
እነሱ ስማችንን በቃላቸው ያዙ፤
እኛ ግን፣ አንድም ሌሊት፣ ከአንድም በር፣
«አንቺስ ማን ነሽ?» ያለ አልነበር።

አሁን እዚያ በር የለም።
ዶዘር ጠርጎ ሣር ተተክሎበታል፣
አግዳሚ ወንበር ላይ ሰው ፎቶ ይነሣል።
እኛ ኮንዶሚኒየም ደረሰን፣ አራተኛ ፎቅ፤
የሌሊት ድምፅ እዚያ አይዘልቅ።
መታወቂያዬ ግን እስከ ዛሬ ድረስ
«የቤት ቁጥር 417» ይላል።
ቤቱ የለም፤ እኔ ነዋሪ ነኝ።
እሷ አለች፤ ትንፋሿ መስታወቴን አደብዝዞታል፤
እሷ ግን የለችም።

ማሽኑ ባዶ ሳጥን አይወድም፤ ቀይ ያበራል።
አለቃዬ ሲያልፉ ቆም አሉና
«ምንድነው ሰልፉን የገተረው?
ከመጣችበት መሸኛ ታምጣ» አሉ።
«ከየት ነው የመጣሽው?»
«ከበር» አለች።

አራት። አንድ። ሰባት።
ቀዩ ጠፋ።
ቤቱ መፍረሱን ማሽኑ አልሰማም።

«አሻራ» አልኳት። አውራ ጣቷን ሰጠች፣
ከዚያ በልማድ፣ በመስታወቱ ቀዳዳ፣
ልትመርቀኝ ጀመረች፤ ዜማው ያው ዜማ።
ከሰልፉ አንድ ሽማግሌ ኪሳቸውን ዳበሱ።
«ተይ» አልኳት፣ «እዚህ አይዜምም።
ያንቺው ነው፤ ማንም አልመጸወተሽም።»
ዝም አለች። ዝምታ እንግዳዋ ነበር፣
የት እንደምታስቀምጠው አጣች።

«ካርዱ በሃያ አንድ ቀን ይደርሳል።»
«ምዝገባው ዓርብ ያልቃል» አለች።

ወረቀት ሳብኩ። «ለሚመለከተው ሁሉ» ብዬ ጀመርኩ።
ማኅተሙን እፍ አልኩበት፣ ደግሞ እፍ፤
ክቡ ግማሹ ብቻ ወጣ።
ልጁ በእግር ጣቱ ቆሞ፣ ቀለሙ ሳይደርቅ፣
አንዱን ቃል በጣቱ ነካ፦
«ይኼ ነው እኔ?»
ጣቱ ሰማያዊ ሆነ። አልጠረገውም።