ሽቦዋን አትንካት

ከሸዋ ሮቢት ስንነሳ ሙቀቱ ነበር የገፋን፤
ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ አርማንያ ላይ አለፈን።
አለፈን! ያውም ሽቅቡን፣ ያውም አናቱ ድረስ ጭኖ፤
ነዳጅ ብረግጥ ብረግጥ እግሬ ቀረ ባዶ ሆኖ።

አባቴ ጎኔ ተቀምጧል፣ ጋቢው አገጩን ሸፍኖት፤
እሱን ሲያስለው እሷን ያስላታል፣ የአንዱ ሳል ላንዱ መልስ ሆኖት።
ሠላሳ ዓመት ነው የፈጨው፣ የሮቢትን ማሽላና ጤፍ፤
ዱቄቱ ከጆንያው አልፎ ደረቱ ውስጥ ሲሰለፍ
ማንም «ይበቃል» አላለው። እሱም አላለ። ወፍጮ ነው።
ቀበቶው ሲበጠስ ብቻ ነበር ቀና ብሎ የሚተነፍሰው።

ደብረ ብርሃን ሐኪም ሊያየው፣ ቀጠሮው ለስምንት ሰዓት፤
እኛ ግን ደብረ ሲና ላይ፣ ከቆሎ ሻጮቹ ፊት፣
ቆምን።

የላቀው ጋራዥ በር የለውም፤ ሁለት ጎማ ነው ደጁ።
ድምጿን ሰማና «አጥፋት» አለኝ፣ ጨርቅ ላይ እየጠረገ እጁን።
«ታፍናለች። ይህቺ፣ ቱቦው ላይ፣ ጸጉር መሳይ ሽቦ አለቻት፤
ትግላለች፤ አየሩ ሲያልፍ ያበርዳታል፤
ስንት እንደገባ፣ በብርዱ ልክ ነው የሚገባት።
አቧራ ከለበሰች ግን ብርዱን አታውቅም፤ ትዋሻለች።
ኮምፒውተሩም ያምናታል፤ መኪናህ በሐሰት ትነዳለች።»

ካቻቢቴ አነሳ። አንዷ ብሎን ከጣቱ አምልጣ ገባች
ሞተሩ ሆድ ውስጥ፤ በባትሪ ብናይ፣ በማግኔት ብንፈልግ፣ ጠፋች።
«ትቅር» አለ፣ «እሷም ከሥራ ነፃ ትውጣ።»
ልጁን ላከው፣ ከእንግዳሸት ሱቅ ስፕሬዩን እንዲያመጣ።
ቀይ ቆርቆሮ ይዞ መጣ። ላቀው አገላብጦ አየው፤
«ይሄ የካርቡሬተር ነው። ይበላታል። ሂድ መልሰው።»
ደግሞ ሮጠ። ሰማያዊውን አመጣ፣ በመልሱ ቆሎ ገዝቶ፤
ላቀው ጆሮውን ቆነጠጠው፣ ከቆሎው ግን አንድ እፍኝ በልቶ።

እኔ ጨርቅ አወጣሁ፣ ልወልውላት፣ እንደ መነጽር።
«እጅህን!» አለ። የጮኸው ያኔ ብቻ ነበር።
«ሽቦዋን አትንካት። እኔ አንዴ በጨርቅ ነክቻት፣ ብጥስ!
የመሐል ሜዳ መምህር መኪና። ሁለት ወር ሠራሁ ያንን ዕዳ እስክመልስ።
እሳቸው ክፉ አልተናገሩም፤ አልተቆጡም፤
ዳግም ግን ወደ እኔ አልመጡም።»

ቀጭኗን ቀሰም ከሽቦዋ ጣት በሚያህል አርቆ፣
ፍስስ። ቆም። ፍስስ። ቆም። እንደ ሕፃን ዓይን ተጠንቅቆ።
አሥር ጊዜ ቆጠርኩ። ከጫፏ ጥቁር እንባ
ጠብ አለ፤ ሽታው አፍንጫችን ገባ።

አባቴ ከመኪናው ወርዶ፣ ከዘራው ላይ ተደግፎ፣
ይህን ሁሉ ሲያይ ቆይቶ፣ ሳሉን በግድ አሳልፎ፣
«ልጄ» አለው፣ «ይህ ነገር… ለእኔስ የለህም ወይ?»
ሳቅን። ልጁም ሳቀ።
እሱ ግን አፉን ከፍቶ ነበር፣ ወደ ሰማይ።

ላቀው ብቻ አልሳቀም። ሴንሰሯን ወደ ብርሃኑ ይዞ
«ይድረቅ» አለ፣ «እርጥቡን አይገጠምም»፣ ድምፁ ትንሽ ፈዞ።
አሥር ደቂቃ ጎማው ላይ ተቀመጥን፣ ሦስታችን፤
ጉም ከገደሉ ወጣና ሸፈነው ጫማችንን።
አባቴ ስለ ወፍጮ ድንጋይ አወራን፣ እንዴት እንደሚወቀር፤
«ሲደነዝ ዱቄቱን ያግለዋል፤ ሽታው ነበር ለእኔ የሚናገር።»

ገጠመ። የጠፋችው ብሎን ቦታ በሽቦ ታሰረ።
ቁልፉን አዞርኩ። ተንቀጠቀጠች። ያዘች። ድምጿ ተቀየረ።
«የስፕሬዩን ስጠኝ። የእጄን ምን ብዬ ላስከፍልህ?
መች ነካኋትና?» አለ። የተረፈውን ወረወረልኝ፣ «ይሁንህ።»

የጣርማ በርን ሽቅብ በሦስተኛ ማርሽ ወጣች፤
የአይሱዙው ሾፌር ምሳ በልቶ ኖሯል፤ ደረሰችበት፣ አለፈች።
ዋሻው ውስጥ ገባን። ጨለማ። ጸጥታ።
ሁለት ትንፋሽ፤ አንዱ የጠራ፣ አንዱ ገና ያልተፈታ።

ወዲያ ማዶ ስንወጣ አባቴ መስኮቱን ዝቅ አደረገ፤
ዓይኑን ጨፍኖ ብርዱን በፊቱ ለካ፤ «ቀጭን ነው» አለ፣ ሳል ፈለገ፣
አጣ። ቆርቆሮው ወንበሩ ሥር በየኩርባው ቋ ይላል።
ስምንት ሰዓት አልፏል። «ግድ የለም» አለ፣ «ሐኪም ይጠብቃል።»