ያጠፋሁት ድምፅ

ሳሬማ ደሴት ላይ፣ የካቲት ሲጋመስ፣
ባሕሩ ጠጥሮ ሰው በላዩ ሲመላለስ፣
የቤተ ክርስቲያኑን ማሞቂያ አጠፋነው፤
ሲግልም ሲበርድም ቀጭ ቀጭ ባይ ነው።
ማይክሮፎን ደግሞ ይሉኝታ አያውቅም፤
የሰማውን ሁሉ ይውጣል እንጂ አይመርጥም።

ካፖርት እንደደረቡ አራቱ ተቀመጡ፣
ጣቶቻቸው ብቻ ከጓንቱ ሲወጡ።
ሌሎ ቼሎዋን እንደ ታመመ ልጅ አቅፋ፣
ትሪኑና ኦት በቫዮሊናቸው ላይ እፍ እያሉ፣
ኢልማር ቪዮላውን ከሽበት ጢሙ ሥር አድርጎ።
ብርዱ ቅኝት ይሰርቃል፤
ሦስት ደቂቃ ጨዋታ፣ አምስት ደቂቃ መቃኘት።

ሌሊት ነው የምንቀርጸው። ቀን ቀን በመንገዱ
ግንድ የጫኑ መኪኖች ወደ ወደብ ሲወርዱ
መስኮቱ ይርገበገባል። ሌሊትም አንዱ አይጠፋም፤
“ቁሙ!” እላለሁ። አራት ደጋን አየር ላይ ይቀራል፤
መኪናው እስኪርቅ ማንም ትንፋሽ አይተፋም።

መጀመሪያ የጥንቱን፤ የሁለት መቶ ዓመቱን።
በሦስተኛው ሙከራ ትሪኑ ሰማይ ነካች፤
በአምስተኛው ወደቀች።
በሰባተኛው ሌሎ ብቻ ልክ ነበረች።
የኔ ሙያ ስፌት ነው፤
አርባኛውን ሐረግ ከሦስተኛው ቆርጬ፣
አርባ አንደኛውን ከሰባተኛው መርጬ፣
ስፌቱ የማይታይ ልብስ አለብሳለሁ፤
ሰሚው “በአንድ ትንፋሽ!” ይላል፤ እኔ ዝም እላለሁ።

ግን ኢልማር ያንጎራጉራል።
ራሱ አያውቅም። ዜማው ሲጠልቅበት
ቅል ውስጥ እንደ ገባች ንብ ከደረቱ ይወጣል፣
ከቪዮላው ጥቂት ዘግይቶ፣
ከቅኝቱም ጥቂት ዝቅ ብሎ።
አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ አሥራ አንድ ቀረጻ፣
እንደ ምስር ጠጠር ለቅሜ ሳነጻ
አንድም ቀን አልነገርኩት።
ቢያውቅ ያፍራል፤ ካፈረ እጁ ይታሰራል፤
እጁ ከታሰረ አራቱ ሦስት ይቀራል።

በሦስተኛው ሌሊት አዲሱን ጀመርን።
ደራሲዋ ሄልዲ፣ የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ፣
ጫማዋን በር ላይ አውልቃ፣ በሹራብ ካልሲዋ
ከጎኔ ተቀመጠች፤ ማዳመጫ ደፋች።
ሥራዋ ገና የማንም ጆሮ ያልነካው ነው፤
የሚበዛው ዝምታ፣
ደጋኑም አውታሩን የሚዳስሰው
የተኛ ሕፃን እንደሚዳሰስ ነው።
እዚያ ዝምታ ውስጥ፣ ያቺ ንብ።

“ይሄ ማነው?” አለች። “አምስተኛው ማነው?”
“ይቅርታ፣ ነገ አጠፋዋለሁ” አልኳት።
እርሳሷን ነከሰች። አንድ ጊዜ አስደገመችኝ።
“በኔ ሥራ ላይ ይቆይ። የጥንቱን እንደ ልማድህ።”
ሌላ ምንም አላለች። ሻይዋን ጠጣች።

ቤቴ ስመለስ ሣጥኑን ከፈትኩት፤
ለቅሜ ነበር እንጂ ጥዬው አላውቅም።
አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቀጣጥዬ ሰማሁት፤
አርባ ደቂቃ አይሞላም።
በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ይወርዳል ድምፁ።
በዘጠነኛው ዓመት መሀል ላይ ይሰበራል።
ያኔ ሚስቱን የቀበረበት ክረምት ነበር፤
እኔም አበባ ልኬ፣
ማታውን ትንፋሹን በመቀስ ቆርጬ ነበር።

ግንቦት ላይ ቅጂው ወጣ። ኢልማር ደወለልኝ።
“ግሩም ነው” አለኝ፤ “ትሪኑን አከበርካት።
አንድ ነገር ብቻ፤ በአዲሱ ሥራ፣ መሀሉ ላይ፣
እም… እም… የሚል ነገር አለ።
ማሞቂያው ነው እንዴ? አላጠፋኸውም?”

መስኮቴ ስር በረዶው ይንጠባጠባል።
“አላጠፋሁትም” አልኩት።