አርባ አንድ ድምፅ

የነገሩ መነሻ አንድ አምፖል ነበረ፣
ኦስገርቢ ወደብ፣ ከዓሣ ፋብሪካው ጀርባ ተቃጥሎ የቀረ።
የሌሊት ፈረቃ ሴቶች ሲመለሱ
በጭጋግ፣ በዝናብ፣ ግድግዳ ሲዳስሱ፣
አንዷ ወደቀችና ጉልበቷ ተሰበረ።
ኢኒድ ታክሬይ፣ እጇ ዓሣ ዓሣ እየሸተተ፣
ለማዘጋጃ ቤቱ ጻፈች፤ መልሱ ዘገየ፣ ሰነበተ።
ደግማ ጻፈች። «ደርሶናል» አሏት።
ሦስተኛውን ስትጽፍ ቀለሙ አለቀባት፤
«እንግዲያስ» አለች፣ «ራሴ ልቀመጥበት፣
ወንበሩ ባዶ ከሆነ፣ ሰው ከሌለበት።»

እኔን ጎረቤቷን፣ ጡረታ የወጣሁ የመርከብ በያጅ፣
«ና አግዘኝ» አለችኝ፤ ዞርን ከደጅ ደጅ።
የእንጨት ማንኪያ ሰጠችኝ ከወጥ ቤቷ አምጥታ፣
ወረቀቱን በበር ስንጥቅ እንድገፋበት በዝግታ፤
ከወዲያ በኩል ውሻ አለና ጣት የሚጠብቅ፣
የማንም ፓርቲ ያልሆነ፣ ሁሉን እኩል የሚነክስ፣ ሳይመርጥ፣ ሳይንቅ።

አሸነፈች። አምፖሉ በሳምንቱ በራ።
ከዚያ ዐሥራ ሰባት ዓመት፣ ያ ሁሉ ተራ ሥራ፦
የተደፈነ ቱቦ፣ ያልተነሣ ቆሻሻ፣
የዘጠኝ ቁጥር አውቶቡስ የመጨረሻ መድረሻ፣
ቅዳሜ ቅዳሜ ከቤተ መጻሕፍቱ ጥግ
ባለጉዳይ መስማት፣ በትዕግሥት፣ በወግ።
ሚስተር ፔንደልበሪ ግን ጉዳይ አልነበራቸው፤
የማሞቂያው ብረት ነው ከቤት የጠራቸው።
ታውቃለች። ቢሆንም ማስታወሻዋን ገልጣ
ስማቸውን ትጽፋለች፣
«ጉዳይ፦ ብርድ» የሚል ከግርጌው አስቀምጣ።

ቀጥሎ ፓርላማ። ሦስት ጊዜ ተቆጠረ፤
በአርባ አንድ ድምፅ ልዩነት ነገሩ ሠመረ።
አርባ አንድ ሰው ማለት፣ አልኩ በልቤ ሳሰላ፣
ባለ ፎቁን አውቶቡስ እንኳ አይሞላ።

ለንደን ስትደርስ፣ ከካፖርት መስቀያው ላይ
ጥብጣብ ተንጠልጥሏል፤ ጠየቀች ያንን ጉዳይ።
«የጎራዴ ማንጠልጠያ ነው» አሏት፣ «የጥንት ሥርዓት።»
ጎራዴ የላትም፤ እዚያው ሰቀለችበት
የገበያ ፌስታሏን፣ ካልሲና ዳቦ ያለበት።

የመጀመሪያ ንግግሯን ያደረገች ለታ
አዳራሹ ባዶ ነበር፣ ሰው ለእራት ወጥቶ ማታ።
«አንድ አዛውንት ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውም አንቀላፉ፤
ጉዳይ፦ ብርድ!» አለችኝ ስቃ፣ «እዚህም አልጠፉ።»

ደወል ከተደወለ ስምንት ደቂቃ ነው ያለው፤
በቀኝ በር «አዎ» ነው፣ በግራው «አይ» ነው።
የፓርቲው ተጠሪ ቆሞ፣ እንደ በግ ቆጣሪ፣
«በዚህ በኩል» ይላል፣ ትሑት አስፈራሪ።
አንድ ማክሰኞ ሌሊት በጀት ቀረበ፤
በሰባ አራተኛው ገጽ፣ ማንም ባላነበበ
መስመር ላይ፣ የአውቶቡስ ድጎማ
ይቀነሳል ይላል። እሷ አንብባዋለች፤ ታውቃለች የማን ከተማ።
በቀኙ በር ገባች። ለምን እንደሆነ
በስልክ ጠየቅኳት፤ ድምፅዋ ቀጠነ።
«ለትምህርት ቤቱ ጣሪያ ቃል ገብተውልኛል» አለች፤
ከዚያ ዝም አለች።

ጣሪያው ዛሬም ያፈሳል።

በሚቀጥለው ምርጫ፣ ከሌሊቱ ዐሥር ሰዓት፣
ከስፖርት አዳራሹ መድረክ አቆሟት፤
ባንድ ጎኗ አሸናፊው፣ ባንድ ጎኗ ደግሞ
የሸርጣን ልብስ የለበሰ ቧልተኛ ተወዳዳሪ ቆሞ።
በሦስት ሺህ ተሸነፈች። ልትናገር አፏን ስትከፍት
ድምፅ የለም። የሣጥኑም የጉሮሮዋም አለቀ ያን ለት።
ሸርጣኑ በጨርቅ ጥፍሩ ብርጭቆ ይዞ
ውኃ አቀበላት፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ፣ ፊቱ ፈዞ።

ትናንት አመሻሽ ላይ፣ ከፌርማታው ሥር፣
ዝናብ ሲያካፋ አየኋት፣ የምሰሶ ቁጥር
በአጭር እርሳስ ስትጽፍ። አምፖሉ ብልጭ ድርግም ይላል።
«ምን ትጠብቂያለሽ ኢኒድ? ዘጠኝ ቁጥር እኮ ቀርቷል»
አልኳት። ማስታወሻዋን ዘግታ፣ ፌስታሏን አንሥታ፣
አየችኝ ቆይታ፦
«አውቃለሁ» አለች፣ «የኔም ድምፅ አለበት።»
ከዚያ በእግር ጀመርን፣ በዳገቱ፣ ወደ ቤት።