የቀደመው ይጠብቅ

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣ ሊዬዥ ከወንዙ ማዶ፣
ኦዲል ቆማለች፤ ዓይኗ ደም ለብሶ፣ እግሯ በርዶ።
ከፊቷ የብረት ጋን፣ አየር የሌለበት፣
በውስጡ ሁለት መስታወት፤
ነገ ሰማይ ላይ የሚለያዩ፣ መቶ ሜትር ተራርቀው፣
ዛሬ ግን በአንድ ጠረጴዛ፣ በብሎን ተጣብቀው።
ኮከቡም የውሸት ነው፤ በመርፌ ቀዳዳ የሾለከ የአምፖል ብርሃን፤
እሱም ኮርቶ፣ ሰባት ሌሊት ደጅ አስጠናን።

ሕጉ ቀላል ነው፤ ለልጅም ይነገራል፦
ከአንድ ኮከብ የወጣ ጨረር ሁለት ሆኖ ይመጣል፣
አንዱ ይቀድማል።
እንግዲህ የቀደመው ይጠብቅ፤ ትንሽ ዙር ይጨመርለት፣
በሐዲድ ላይ በምትንፏቀቅ ጋሪ ይመላለስ፣ ወንድሙ እስኪደርስለት።
አራት መቶ ዓመት የተጓዘ መንገደኛ፣
ከፀጉር ስንጣቂ ባነሰች ርቀት ቢዘገይ፣ ይቀራል ብቸኛ።

ከተገናኙ ግን፣ እዚህ ላይ ነው ጉዱ፣
ብርሃን በብርሃን ላይ ተደርቦ፣ ይጠቁራል ገሚስ መንገዱ።
ጥቁር፣ ነጭ፣ ጥቁር፣ ነጭ፤ ሸማኔ እንደጣለው ጥለት፤
የኮከቡ መልክ የሚነበበው ከዚያ ከጥቁሩ ጥልቀት።

አባቷ ክሪስታል ቆራጭ ነበር፤ ጠርዙን በአውራ ጣት ዳብሶ፣
"ይህ ጠማማ ነው" ይል ነበር፣ ወደ ድንጋዩ መልሶ።
የሷ ጠማማ ከጣት ይሰወራል፤ በጣም ቀጭን ነው፤
የቀራት፣ ብርሃኑን ራሱን ጣት አድርጋ መዳበስ ነው።

"የጭነት መኪናው ነው" ተባለ፤ መንገዱ ተዘጋ።
"ፓምፑ ነው" ተባለ፤ ጠፋ። መስመሩ ግን አልመጣም፣ እስኪነጋ።
ዛሬ ወለሉን አዳመጠች፣ ጆሮዋን ደፍታ እንደ ሐኪም፦
ዱብ... ዱብ... ኮሪደሩ ላይ፤ የማይቸኩል፣ የማይደክም።
ዘበኛው ኖርቤር ነው፣ ጉልበቱ እንዳይተሳሰር ሌሊቱን የሚመላለስ።
ወንበር አወጣችለት። "ተቀመጥ፣ እባክህ። አትተንፍስ።"
ሳቀ። ተቀመጠ። ባርኔጣውን ጭኑ ላይ አኖረ።
እኔ የምጠብቀው ስክሪን ተንቀጠቀጠ፤ ግራጫ፣ ግራጫ፣
ከዚያ አሰመረ።

ማንም አላጨበጨበም፤ ጭብጨባም ያናውጣል።

ላይ፣ ሰማይ ላይ፣ ዘበኛ የለም፤ ጫማ የለም፣ ወለል የለም፤
ግን ፀሐይ ራሷ በብርሃኗ ትገፋለች፤ ዝም የሚል ነገር የለም።
ኦዲል ከስሌቱ በታች ጻፈች፣ በደነዘ እርሳስ፦
"ለፀሐይስ ወንበር ማን ያወጣል?"
ከበሩ ወዲያ፣ በሹክሹክታ፦
"እሜቴ... አሁን ልተንፍስ?"