ኮቴ

ዳኑቴ ታውቃለች፥ የዓሣ ፋብሪካን ቃል፤
ቢላ፣ በረዶ፣ ሣጥን፣ ፍጠኚ፣ ይበቃል።
ሲያወሯት ራሷን፥ እየነቀነቀች፣
በአምስት ቃል ታጥራ፥ ዓመታት ዘለቀች።

ማታ ግን ዮኩባስ፥ መጽሐፉን ዘርግቶ፣
"አንብቢልኝ" አላት፥ በማርማላታ ጣት ገጹን አበላሽቶ።

ቀበሮ በጓሮ፥ ኮቴዋን አጥፍታ፣
ገባች ከዶሮ ቤት፥ በሌሊት ጸጥታ...

አንድ ቃል አቆማት፤ ልጁ ወርዶ ፈጥኖ፣
"እንዲህ ነው እማዬ"፥ በጣቱ ጫፍ ሆኖ፣
ሣንቃው ሳይንቋቋ፥ ዞረ ጠባብ ክፍሉን፤
እሷም በካልሲዋ፥ ተከተለች ቃሉን።

ጧት፣ ግሪምዝቢ ወደብ፥ ጉም ከባሕር ወጥቶ፣
ክሬኑን፣ መጋዘኑን፥ ሲውጥ ተንሸራቶ፣
ማንም ሳይጠይቃት፥ ወደ ሞሪን ዞር ብላ
"ይኸው መጣ" አለች፥ "ኮቴውን አጥፍቶ።"
ሞሪን ቀና አለች፤
አየር ላይ ቀረ ቢላ።