የብርቱካን እጅ

ሰጅዓ ነው ግቢያችን፣ ከሸርጃ ወጣ ብሎ፤
ጉልዛር በሪከቨሪ አንድ ነጭ መኪና አመጣ፣ በሰንሰለት አንጠልጥሎ።
አፍንጫው ተጨፍልቆ፣ የፊት እግሩ ታጥፎ፣
መስታወቱ እንደ አሞሌ ፍርፋሪ ወንበሩ ላይ ረግፎ።

የሐምሌ ቀትር ነበር፤ በባዶ እጅ ብረት የነካ ይላጣል።
ጓንቴን አጥልቄ በሩን ብፈለቅቀው፣
ሞተ ያልኩት መኪና ከሆዱ ድምፅ ያወጣል፦
«እባክዎ፣ መሪውን ይያዙ።»
አንዴ በዐረብኛ፣ አንዴ በእንግሊዝኛ፣
ጌታው እንደ ወጣ እንዳልሰማ ዘበኛ።

ጎንበስ ብዬ ሳይ፣ ከመሪው ጠርዝና ከአግዳሚው መሐል
ብርቱካን ተወትፋለች።
የግብፅ ብርቱካን፤ ተለጣፊዋ እንኳ ያልተነሣ፣
ባንድ ጎኗ ጨመቅ ብላ፣ ጠረኗ የተቃጠለ ጎማ የሚያስረሳ።

ይህቺ ናት ለካ ሾፌሯ!
በዘይድ መንገድ፣ በሌሊት፣ በመቶ ሠላሳ ሲከንፍ፣
መኪናው «እጅ አለ ወይ?» እያለ ሲጠይቅ
«አለሁ» ትለው የነበረች፣ በክብደቷ ብቻ፣ ያለ አፍ።

ሠሪዎቹ አልተኙም። ሰው እንደሚያንቀላፋ ዐውቀው
መሪው እጅ እንዲሻ፣ ወንበሩ እንዲንቀጠቀጥ፣ ደወሉ እንዲጮኽ አድርገው
አጥር ላይ አጥር ሠርተዋል።
ኻልፋን ግን ከሱቅ ሲወጣ፣ በሁለት ድርሃም ፍሬ
አጥሩን ዘሎ ተኛ፣ እንደ ጠገበ በሬ።

እኔም ረዳት ነበርኩ፤ ከባቲ ቁልቁለት እስከ ሎጊያ፣ አደም ከሚነዳው ከባድ መኪና ላይ።
ሥራዬ ታኮ መጣል፣ ጎማ መምታት፣
ከሁሉ በላይ ግን አለመተኛት።
የአደም ዐይን ሲጠብ፣ ራሱ ወደ ደረቱ ሲያዘነብል
ጭኑን ቆንጥጬ አነቃዋለሁ፤
እሱም በጥፊ ያቀምሰኛል።
ሚሌ ደርሰን ሻይ ስንጠጣ ጉንጬን እያየ ይሥቅና
«ነገም ቆንጥጥ» ይላል፣ «ብመታህም አትተው፤
ጥፊ ይሽራል፣ ገደል አይሽርም።»

ይህም መኪና ረዳት ነበር፤ ደሞዝ የማይጠይቅ፣ ጫት የማይቅም፤
ቆንጣጭ ጣቱን በብርቱካን አሰሩበት እንጂ ሥራውን አልተወም።

ከፊት ጎማው ሥር የቀይ ሣጥን ስባሪ አለ፣
የምግብ አመላላሽ ሞተር ሣጥን። ጉልዛር አነሣው፣ አቧራውን ጠረገ፣ ዝም አለ።
ልጁ ያገሩ ልጅ ነው፣ ከማርዳን። አልሞተም፤
እግሩን ግን ሐኪሞቹ ገና እየመከሩበት ነው።

በሦስተኛው ቀን ኻልፋን መጣ፣ አንድ እጁ ባንገቱ ታስሮ፤
መነጽሬን ልፈልግ ብሎ ገባና፣ ድምፁን ሰውሮ፦
«ሐበሻ፣ የኢንሹራንሱ ሰውዬ ሳይመጣ ያችን ነገር ጣልልኝ።»
ሁለት መቶ ድርሃም ወንበሩ ላይ አኖረ፣ ስብርባሪው መሐል፤
እጅ መንሻ፣ በእጅ ፋንታ።

እውነቱን ልናገር፦ ጀግና አይደለሁም፤ እጅ አጥሮኛል፤
ያ ገንዘብ ከሚሴ ሲደርስ የእናቴ የወር መድኃኒት ይሆናል።
ዐይኔ ከብሩ አልነቀል አለ።
«መኪናው እኮ ጽፎታል» አልኩት በመጨረሻ፣
«ስንቴ እንደ ጠራህ፣ ማን እንደ መለሰለት።»
(መጻፉን እኔ አላውቅም፤ ከጉልዛር የሰማሁት ነው።)
ፊቱ ዐመድ ለበሰ። የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነው፤ አሳዘነኝ።
አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ፤
እሱ አደራውን ለፍሬ ሰጠ፣ ፍሬ መች ይጠይቅ፣ መች ይጠየቅ።

ብርቱካኗ ፍሪጅ ውስጥ ናት፣ ከጉልዛር እርጎ ጎን፤
«እንዳትበሏት» ብዬ በሦስት ቋንቋ ጽፌባታለሁ።
ብሩም እዚያው ስብርባሪው መሐል ነው፤ ያነሣው የለም።

ማታ ግቢው ጸጥ ሲል፣ ባትሪው ገና አልተፈታምና፣ እንደገና ሰማሁት፦
«እባክዎ፣ መሪውን ይያዙ።»
መሪ ያጣ ስንት አለ፣ ሲጮኽ የሚያድር፤
ይኸኛው ግን መሪ አለው፤ ያጣው እጅ ነበር።
ጓንቴን አወለቅኩ። ብረቱ በርዷል።
ገብቼ ተቀመጥኩ፣ በሁለት እጄ ያዝኩት።
ዝም አለ።

ጉልዛር ከወዲያ «ሻይ!» ብሎ ጠራኝ።
«ትንሽ ቆይ» አልኩት፣ «መሪ ይዣለሁ።»